ፋኑን ያቆመው ማን ነው?

ባለፈው የካቲት መጨረሻ፣ ሲቀላ በሙቀት በነደደችበት ሳምንት ነው። ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ በረንዳ ላይ ቡና እያፈላሁ ሳለ የልጅ ልጄ ከሳሎን «እማማ፣ ጠፋ!» ሲል ሰማሁት። መብራት የሄደ መስሎኝ ቀና ብዬ አምፖሉን አየሁ። አምፖሉ ይበራል። የጠፋው ኮምፒውተሩ ነበር።

መልሶ አበራው። ስክሪኑ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነጭ ጽሑፍ መጣና እዚያው ቀረ። «ሲፒዩ ፋን ኤረር ይላል» አለኝ። ትርጉሙን ስጠይቀው፣ የኮምፒውተሩን አንጎል የምታቀዘቅዘው ትንሽ ማራገቢያ አልዞር ማለቷን ነገረኝ። ጆሮዬን ወደ ሳጥኑ ጠጋ አደረግሁ። ወትሮ እንደ ንብ ቀፎ እምም የሚለው ሳጥን ዝም ብሏል። ትንሽ ቆይቶ ፋኑ ነቃ አለ፣ ግማሽ ዙር ዞረ፣ እንደገና ቆመ።

ይህ ኮምፒውተር በእኛ ቤት የቅንጦት ዕቃ አይደለም። ልጁ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ብሔራዊ ፈተናው ለአንዳንዱ ተማሪ በወረቀት፣ ለአንዳንዱ በኮምፒውተር መሰጠት መጀመሩን የተፈታኝ ወላጆች ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ማውዝ መያዝ ያልለመደ ልጅ መልሱን እያወቀ ሰዓት ይበላበታል። ይህን ፈርቶ አጎቱ ያገለገለ ዴስክቶፕ ከአዲስ አበባ ገዝቶ ላከለት። እናቱ ጨንቻ አስተማሪ ናት፤ ወደ እኛ የምትወርደው ቅዳሜና እሁድ ነው። በሥራ ቀን ልጁም ኮምፒውተሩም በእኔ ኃላፊነት ሥር ናቸው።

እንግዲህ በዚያ ቀን እኔ ያደረግሁት ነገር መፍረድ ነበር። «ጌም ስትጫወት ነው ያቃጠልከው» አልኩት። «አልተጫወትኩም እማማ፤ የፊዚክስ ጥያቄ እየሠራሁ ነበር» አለኝ። አላመንኩትም። የዘመኑ ልጅ፣ ኮምፒውተርና ጌም አንድ ላይ ሲሆኑ የሚያምን አያት ካለ እኔ አላውቀውም።

ኮምፒውተሩን በባጃጅ ጭነን ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰድነው። ጠጋኙ ብዙም አልጠየቀንም። ክዳኑን ከፈተ፣ በጣቱ ነካ ነካ አደረገና «ፋኑ ሞቷል» አለ። አሮጌውን ፈትቶ አዲስ ገጠመ። ገንዘቡን ከጡረታዬ ላይ ከፈልኩ። አሮጌውን ፋን ግን ልጁ በኪሱ ይዞት መጣና በጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ ወረወረው። ይህን ያስታወስኩት በኋላ ስለሚያስፈልገን ነው።

ለሁለት ሳምንት ያህል ሰላም ሆነ። መጋቢት አጋማሽ ላይ አዲሱ ፋን ልክ እንደ አሮጌው መቆም ጀመረ። አንዳንዴ ይዞራል፣ አንዳንዴ ያለ ምንም ምክንያት ቀጥ ይላል፤ ከዚያ ኮምፒውተሩ ይግልና ራሱን ያጠፋል። በዚህ ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ። የኮምፒውተሩን የመብራት ገመድ ነቀልኩና ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ጎረቤቶቼ ቡና ሊጠጡ ተቀምጠው ነበር። በእነሱ ፊት «አንተ ውሸታም! ሁለተኛ ፋን ገደልክ!» አልኩት። ልጁ ምንም አልመለሰም። ደብተሩን አነሳና ጓደኛው ዘንድ ሊያጠና ወደ ሴቻ ወጣ። ለሦስት ቀን ከ«እሺ» እና ከ«ደህና እደሪ» በቀር ቃል አልተናገረኝም። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያሳደግሁት ልጅ ነው፤ እንዲህ ሆኖብኝ አያውቅም።

ቅዳሜ እናቱ ከጨንቻ ወረደች። እያንዳንዳችንን ለየብቻ ሰማችና ማታ እኔ ዘንድ መጥታ ተቀመጠች። «እማዬ፣ ሥራ ላይ እያለሽ በሽተኛውን ሳትጠይቂ መርፌ ትወጊ ነበር?» አለችኝ።

ይህ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። አርባ ምንጭ የወባ አገር ነው። እዚህ የሠራ የጤና ባለሙያ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ፈተና አለ፤ ትኩሳት ይዞት የመጣውን ሰው ሁሉ «ወባ ነው» ብሎ መድኃኒት ሰጥቶ መሸኘት ይቀናል። አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ልትሆን ትችላለህ። ነገር ግን ትኩሳት የሳንባ ምችም፣ ታይፎይድም፣ የሽንት ቧንቧ ሕመምም ያመጣዋል። ደም ሳይመረመር ወባ ብለህ የሸኘኸው ልጅ በሦስተኛው ቀን ትንፋሽ አጥሮት ይመለሳል። እኔ አዲስ ተመራቂዎችን «ትኩሳት ሁሉ ወባ አይደለም» እያልኩ ስቆጣ ኖሬ፣ ለልጅ ልጄ «ብልሽት ሁሉ ጌም ነው» አልኩት። የመጀመሪያው ጠጋኝም ያደረገው ይህንኑ ነው። ፋን መለወጥ ትኩሳት ማውረድ ነው። ትኩሳቱ ከወረደ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ ምን አመጣው የሚለው ነው።

እሁድ ጠዋት ገመዱን አወጣሁና ልጁን ጠራሁት። ይቅርታ ገና አልጠየቅሁም፤ ገና አላመንኩምና። «ና፣ እንመዝግብ» አልኩት። በጤና ጣቢያ የክትባት ማቀዝቀዣ ስንይዝ ሙቀቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆኑን ጠዋትና ማታ እያየን በር ላይ በተለጠፈ ወረቀት እንጽፍ ነበር። መብራት በሌለበት ቦታ ማቀዝቀዣው በላምባ ይሠራል፤ እሳቱ ቢጨስ፣ ክሩ ቢቃጠል፣ አንድ ሰው በሩን ከፍቶ ቢተወው፣ ያ ወረቀት ይናገራል። ማን እንደጠፋና መቼ እንደጠፋ በጩኸት ሳይሆን በጽሑፍ ይታወቃል። ለኮምፒውተሩም እንዲህ ያለ ደብተር ከፈትንለት። ቀን፣ ሰዓት፣ ማን ተጠቀመ፣ ምን ሠራ፣ ከበራ ስንት ደቂቃ በኋላ ቆመ፣ ቤቱ ይሞቃል ወይስ ይቀዘቅዛል።

በአንድ ሳምንት ውስጥ ፋኑ አምስት ጊዜ ቆመ። ሁለቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ ልጁ ትምህርት ቤት ሆኖ፣ የጎረቤቴ ልጅ የሥራ ማመልከቻ ስትጽፍ። አንዱ ከበራ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላው፣ ገና ሳጥኑ ሳይሞቅ ነው። አንዱ እኔው ራሴ ዘፈን ከፍቼ ሳዳምጥ ነው። የቀረው አንዱ ብቻ ልጁ እየሠራ ሳለ ነው። ደብተሩን ሳይ አንድ ነገር ገባኝ። ጌም አንጎሉን ቢያግለውም፣ አንጎሉ ሲግል ፋኑ መፍጠን እንጂ መቆም የለበትም። በትኩሳት ጊዜ ትንፋሽ እንደሚፈጥን ማለት ነው። ፋኑ በቀዝቃዛው ሰዓትም የሚቆም ከሆነ በሽታው ከሥራ ብዛት አይደለም። ሌላ ነገር ያዘው።

በሚቀጥለው ሰኞ ኮምፒውተሩን ወደ ሌላ ጠጋኝ ይዘን ሄድን። ይሄኛው ወጣት ነው፤ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ይሠራል። ደብተሩን ሳሳየው ሳቀ፤ ከዚያ ግን ቁጭ ብሎ ከላይ እስከ ታች አነበበው። ክዳኑን ከመክፈቱ በፊት ጠየቀን። «ማዘር፣ ኮምፒውተሩ የሚቀመጠው የት ነው?»

«ሳሎን፣ ወለል ላይ።»

«ሰጋጃ ወይም ምንጣፍ አለ?»

«ሰሌን አለ።»

«ድመት አላችሁ?»

«የለንም» አልኩት። ድመት ምን ያደርጋል ብዬ ገረመኝ።

ብሎኖቹን ፈትቶ የሳጥኑን ጎን ሲከፍት የድመቱ ጥያቄ ገባኝ። በአሉሚኒየሙ ማቀዝቀዣ ጥርሶች መሃል፣ በፋኑ ስር፣ ነጭና ለስላሳ ነገር እንደ ፍራሽ ተነጥፏል። ፋኑን ነቅሎ ሲያወጣ፣ ክንፎቹ የሚዞሩበት እምብርት ላይ ያው ነጭ ነገር ተጠምጥሞ ጠብቋል። «የእንስሳ ጸጉር ይመስላል፤ ይሄ ነው የሚያንቀው» አለ። ፋኑ ለመነሳት ይሞክራል፣ የተጠመጠመው ይይዘዋል፣ ትንሽ ይዞራል፣ ይቆማል።

ከነጩ ነገር ቆንጥሬ ወሰድኩ። ጸጉር አልነበረም። በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መሃል አሸት ሳደርገው ቀጭን ክር ሆኖ ወጣ። ባዘቶ ነው። የእኔ ጥጥ ነው።

ለማያውቁ አንባቢያን ልንገራችሁ። በጋሞ ምድር ሸማ የወንድ፣ ፈትል የሴት ሥራ ሆኖ ኖሯል። የዶርዜ ሸማኔ ስሙ ሽሮ ሜዳ ድረስ የታወቀው በሚሸምነው ነው፤ ማጉን የሚያቀርቡለት ግን ፈታዮች ናቸው። እኔ በሥራ ዘመኔ እንዝርት ለመያዝ ጊዜ አልነበረኝም። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ግን እናቴ ታደርግ የነበረውን ጀመርኩ። ከጎረቤቶቼ ጋር ከሰዓት በኋላ ቡና እየጠጣን፣ ከፀሐይ ሸሽተን ሳሎን ውስጥ፣ ሰሌኑ ላይ ቁጭ ብለን ጥጥ እንዳምጣለን፣ በደጋን እንነድፋለን፣ እንፈትላለን። ጥጥ ሲነደፍ ያየ ሰው ያውቃል፤ ደጋኑ ጥጡን በመታው ቁጥር ብናኙ እንደ ጉም ይነሳል። ልብሳችን፣ ቅንድባችን ሳይቀር ይነጣል። ያ ብናኝ የት እንደሚሄድ አስቤ አላውቅም። ኮምፒውተሩ ከሰሌኑ አንድ ክንድ ርቆ፣ ወለሉ ላይ፣ ቀኑን ሙሉ አየር ሲስብ ይውላል።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ይህ ነው፤ የምፈትለው ለልጁ ነበር። ፈተናውን አልፎ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የሚለብሰው ጋቢ እንዲሆንለት ብዬ ከገና ጀምሮ ልቃቂት እየሰበሰብኩ ነው።

ልጁ አጠገቤ ቆሞ ነበር። እጄ ላይ ያለውን ክር አየ፣ ፊቴን አየ፤ ምንም አላለም። ጮኾ «አላልኩሽም!» ቢለኝ ይቀለኝ ነበር።

በነርሲንግ ትምህርት ቤት የተማርነው አንድ ታሪክ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1847 ቪየና ከተማ በሚገኝ ሆስፒታል ኢግናዝ ዜመልቫይስ የሚባል ሐኪም ይሠራ ነበር። በሆስፒታሉ ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች አሉ። አዋላጆች በሚሠሩበት ክፍል ከወለዱት ይልቅ ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች በሚሠሩበት ክፍል የወለዱት እናቶች በአራስ ትኩሳት በብዛት ይሞታሉ። አየሩን፣ የአየር ጠባዩን፣ እናቶቹን ራሳቸውን ያልከሰሰ አልነበረም። ምክንያቱ ግን ሐኪሞቹ አስከሬን መርምረው በዚያው እጃቸው ወደ ወላዷ መምጣታቸው ነበር። እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ ሲያደርግ ሞቱ በእጅጉ ቀነሰ። ብዙዎቹ ሐኪሞች ግን ሊቀበሉት አልፈለጉም። የሚያድን እጅ ራሱ የሚያጠፋ መሆኑን መስማት ይከብዳል። ተማሪ ሳለሁ በእነዚያ ሐኪሞች እገረም ነበር። አሁን አልገረምም። እኔም ሌላውን ሁሉ ከስሼ የራሴን እጅ ሳላይ ነው የቀረሁት።

ጠጋኙ ፋኑን አጽድቶ ሲያበራው እንደ ድሮው እምም አለ። ያኔ ልጁ «አሮጌውም መሳቢያ ውስጥ አለ» አለ። በማግሥቱ አምጥቶለት እምብርቱ ላይ የተጠመጠመውን ጥጥ በመርፌ ፈልቅቆ ሲያወጣለት፣ «ሞቷል» የተባለው ፋን ዞረ። ያልሞተ ፋን ነው የቀበርነው። አሁን መጠባበቂያ ሆኖ ተቀምጧል።

ይቅርታውን እንዴት እንደጠየቅሁ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለፋን ብዬ አይደለም። በእኛ ባህል ትልቅ ሰው ለልጅ ይቅርታ አይጠይቅም፤ ሲያጠፋ ዶሮ ያርዳል፣ ብር ይሰጣል፣ ወይም ነገሩን እንደረሳ ያስመስላል። እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት ዶሮ ነበር። ከዚያ ግን «ውሸታም» ያልኩት በሰው ፊት መሆኑ ታወሰኝ። በሰው ፊት የወጣ ቃል በጓዳ አይመለስም። ጎረቤቶቼን ለቡና ጠራሁ። እናቱም ቅዳሜ ስለነበር መጥታለች። ከፋኑ የወጣውን ጥጥ በሳህን አድርጌ አቀረብኩና «ፋኑን ያቆመው ይሄ ነው፤ የእኔ ነው። ልጄ አልዋሸም። እኔ ሳልጠይቅ ፈርጄበታለሁ። ይቅር በለኝ» አልኩት።

ልጁ አፈረ። አንገቱን ደፍቶ ቆየና «እማማ፣ በደብተሩ ላይ ያልጻፍኩት ሁለት ሌሊት አለ» አለ። «ተጫውቼ ነበር።»

ሁላችንም ሳቅን። እናቱ አልሳቀችም፤ እሷ ግን አስተማሪ ናት። እኔ ደስ ያለኝ ግን ሳይጠየቅ መናገሩ ነው። ስከሰው የካደ ልጅ፣ ይቅርታ ስጠይቀው ያልጠየቅሁትን ነገረኝ። ይህን ወላጆች ሁሉ ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ። «ጋቢውን ግን እንዳታቆሚው» ብሎ ደግሞ ጨመረ።

አሁን ወደ ቤታችሁ ልመለስ። የእናንተም ኮምፒውተር ፋኑ ያለ ምክንያት የሚቆም ከሆነ፣ ከዚያ ወጣት ጠጋኝ የተማርኩትን እንደ ነርስ በቅደም ተከተል ላስቀምጥላችሁ።

አንደኛ፣ የቆመ ፋን ሁሉ የታመመ አይደለም። በአንዳንድ አዳዲስ ማሽኖች ኮምፒውተሩ ሲቀዘቅዝና ሥራ ሲያንስበት ፋኑ ሆን ብሎ ያርፋል፤ ሲሞቅ ይነሳል። የሚያሳስበው ኮምፒውተሩ እየጋለ ፋኑ ዝም ሲል፣ ሲበራ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ሲመጣ፣ ወይም በሥራ መሃል ድርግም ሲል ነው። ብዙ ኮምፒውተሮች ሲነሱ በሚከፈተው የቅንብር ገጽ ላይ ሙቀቱና የፋኑ ዙር በቁጥር ይታያል። ሥራ ሲበዛበት 70 ወይም 80 ዲግሪ ቢደርስ አያስደነግጥም፤ ወደ 100 ሲጠጋ ግን ራሱን ለማዳን ሊጠፋ ይችላል። የጠፋው እንዳይቃጠል ነውና ደጋግማችሁ በግድ አታብሩት።

ሁለተኛ፣ ከመክፈታችሁ በፊት ከሶኬት ንቀሉት፤ ከተነቀለ በኋላ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጫኑት። የሳጥኑን ብረት በእጃችሁ ንኩ። መብራት የሚገባበትን የብረት ሳጥን፣ ፓወር ሰፕላዩን፣ በምንም ምክንያት አትክፈቱ፤ ከተነቀለም በኋላ ውስጡ ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ልጆችም እንዳይከፍቱት ንገሯቸው።

ሦስተኛ፣ ፋኑን በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ጤነኛ ፋን በቀላሉ ይዞርና ቀስ እያለ ይቆማል። ወዲያው ቀጥ ካለ ወይም ከተፋጨ፣ አንድም ቆሻሻ ይዞታል፣ አንድም እምብርቱ ደርቋል። በነፃነት እየዞረ ሲበራ የማይነሳ ከሆነ ደግሞ ሽቦውን ተመልከቱ። የፋኑ ሽቦ ሦስት ወይም አራት ክር አለው፤ አንዱ ክር የፋኑን ዙር ለማዘርቦርዱ ይናገራል። መሰኪያው ላላ ካለ ፋኑ እየዞረም ቢሆን ማዘርቦርዱ ቆሟል ብሎ ሊያስብ ይችላል። አንዳንዴም ሌላ ሽቦ ተንጠልጥሎ ክንፉን ይይዘዋል፤ እሱን ሰብስቦ ማሰር ብቻ ይበቃል። ፋኑ ሌላ መሰኪያ ላይ ሲገባ የሚሠራ ከሆነ በሽታው የመሰኪያው እንጂ የፋኑ አይደለም። ፓወር ሰፕላይ ሲደክምም ፋን ይቆማል፤ ይህን ግን ባለሙያ ይለካው።

አራተኛ፣ ስታጸዱ በአፋችሁ አትንፉበት፤ ምራቅ ይገባበታል። እርጥብ ጨርቅም አይነካውም። ለስላሳ ደረቅ ብሩሽና ብሎወር ይበቃል። በብሎወር ስትነፉ ፋኑን በጣታችሁ ወይም በእንጨት ያዙት፤ በነፋስ ከልክ በላይ ከፈጠነ እምብርቱ ይጎዳል። ለደረቀ እምብርት አንድ ጠብታ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ለጊዜው ያነሳዋል፤ የምግብ ዘይት ግን አቧራ ሰብስቦ ያብሰዋል። ጠጋኙ የአሉሚኒየሙን ማቀዝቀዣ ከነቀለው፣ ስሩ ያለው የደረቀ ፔስት ተጠርጎ አዲስ ሳይቀባ እንዳይመለስ ጠይቁት።

አምስተኛ፣ ሳጥኑን ከፍቶ ቬንትሌተር ማዞርበት መፍትሔ ይመስላል። እኔም አድርጌዋለሁ። ለአንድ ከሰዓት በኋላ ይረዳል፤ ሲውል ሲያድር ግን አቧራውን በገፍ ወደ ውስጥ ይነዳል።

ላፕቶፕ ያላችሁ ደግሞ አልጋና ብርድ ልብስ ላይ አታስቀምጡት። አየር የሚስበው ብዙውን ጊዜ ከስሩ ነው፤ ፍራሹ አፉን ይዘጋዋል። ልጆች ለረጅም ሰዓት ጭናቸው ላይ ማድረጋቸውንም አልወደውም። ሙቀቱ ባያቃጥልም በየቀኑ ሲደጋገም ቆዳ ላይ መረብ የመሰለ ጥቁረት ሊያወጣ ይችላል።

ሙቀቱን ከሲቀላ ማውጣት አንችልም። ልጄ «ጨንቻ ቢሆን ኖሮ እኮ ፋን አያስፈልገውም ነበር» እያለች ትቀልድብኛለች። ከዚህ በታች ያለው ግን በእጃችን ነው። ኮምፒውተሩ ከወለል ተነስቶ ጠረጴዛ ላይ ወጥቷል፤ ከግድግዳውም አንድ ስንዝር ራቅ ብሏል። ጥጥ መንደፍ ወደ ጓሮ፣ ማንጎው ጥላ ስር ተዛውሯል። ጎረቤቶቼ መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ አሁን ንፋሱን ወደውታል። በወሩ መጀመሪያ ክዳኑን ከፍቶ የሚያጸዳው ልጁ ነው፤ እኔ አጠገቡ ቆሜ አያለሁ። በመጨረሻው ጊዜ አንዲት ቁንጣሪ ጥጥ ብቻ ነበር የወጣው።

ልቃቂቱ ሞልቶ ለሸማኔ ሊሰጥ ጥቂት ቀርቶታል። ደብተሩ እስካሁን ከኮምፒውተሩ አጠገብ አለ። ጠዋትና ማታ መመዝገብ ከተውን ቆይተናል፤ ፋኑ ከመጋቢት ወዲህ አንድም ቀን አልቆመም። በቀደም ገልጬ ሳየው ከመጨረሻው መስመር በታች በልጁ እጅ «ፋን፦ ደህና። እማማ፦ ደህና» የሚል ተጽፎ አገኘሁ። ሌሊት ላይ የጻፈው ይመስለኛል። ለምን አልተኛህም ብዬ አልጠየቅሁትም።